የክርስትና ስሜን የሞላው መፈለጊያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን፣ አሰላ

የቢሮ ባልደረባዬ ከድር ስለ አዲሱ የኢንተርኔት መፈለጊያ ሲያወራ ሰንብቶ ዛሬ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። «ይሄ እንደሌሎቹ አይሰልልም፤ የጻፍሽውን ወዲያው ይረሳል» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ብቻዬን ስቀር ሞከርኩት። መጀመሪያ የመታወቂያ ስሜን ጻፍኩ፤ ምንም አላመጣም። ደስ አለኝ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የክርስትና ስሜን መጻፍ ጀመርኩ። ያን ስም ከእማዬና ከነፍስ አባታችን በቀር ባሌ እንኳ አያውቀውም። «ክፉ ሰው ይሠራበታል፣ ለማንም እንዳትናገሪ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

«ወለተ» ብዬ ሳልጨርስ የቀረውን ራሱ ሞላው፦ «ወለተ ሥላሴ አርባዋ ኢተያ መቼ ነው»።

ኢተያ የእማዬ ቤት ያለበት ከተማ ነው። አርባ የሚወጣው ደግሞ ለሞተ ሰው ነው።

ከድር ከምሳ ሲመለስ በራሱ ስልክ «ወለተ» ብለህ ጻፍ አልኩት። ምንም አልመጣለትም።

እማዬ ጋ ደወልኩ። «ስሜን ለሰው ነግረሻል እንዴ?»

«በማርያም! ለማን ብዬ?» አለች። ቀጥላም «አንቺስ? የት ጻፍሽው?» አለችኝ።

ጽፌ አልጨረስኩም ልላት ብዬ ተውኩት።

ከሥራ ሳልወጣ የጻፍኩትን ከመፈለጊያው ልሰርዝ ሞከርኩ። የተፈለገ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ጭራሽ የለውም። ከድር ሳቀብኝ፦ «አላልኩሽም? አያስታውስም እኮ!»

ታዲያ ከማያስታውስ ነገር ላይ ስሜን እንዴት አድርጌ ላጥፋው?