ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ስለምትዞረው አያቴ

ለክቡር የስምንተኛ ክፍል የሃይማኖት ባህልና ሥነ ምግባር መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጸሎት ላይ ሳለች ጭፈራ ላይ ተይዛ ስለተገኘች አንዲት አሮጊት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይ ደግሞ ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ? የእኛን ሰዎች ፎቶግራፍ አይቶ ከሥሩ እንዲያ ያለ ጽሑፍ ለጻፈ ሰው ዓይን መላው መንደራችን አጥብቆ ይጸልያል፤ በእርስዎ አነጋገር፣ አጥብቆ ይጨፍራል።

ኢልካይ ቦዝዳል እባላለሁ። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። የምኖረው ከቶካት ወዲህ ባለችው፣ ካርታ ላይ ዝንብ የጣለችው ነጥብ በምትመስለው ያሊንሱ በምትባል የአሌቪዎች፣ ማለትም እንደ ሌላው ሙስሊም በመስጊድ ሳይሆን በራሳችን ሥርዓት የምንጸልይ ሰዎች፣ መንደር ነው። እናትና አባቴ ኢስታንቡል ፋብሪካ ስለሚሠሩ ያሳደጉኝ አያቶቼ ናቸው። ይህን የምናገረው ባለጌነቴን ከማን እንደተማርኩ ለማጣራት እንዳይደክሙ ብዬ ነው። አቤቱታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ፤ ርእሰ መምህራችን ነጃቲ ቤይ «ቁጥር የሌለው አቤቱታ ጩኸት ነው» ብለው አስተምረውናልና።

አንደኛ፣ ምስጋና። በመጽሐፍዎ ውስጥ ለእኛ ለአሌቪዎች አንድ ገጽ ስለ ሰጡን እግዜር ይስጥልን። እርግጥ ግማሹን ፎቶግራፉ፣ ሩቡን መልመጃው ይዞታል፤ ቢሆንም በቀረችው ቦታ ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ መጠጋጋት ለምደናል። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ይዞራሉ። ከፊት ያለችው፣ ቡናማ ሻሽ ያሰረችውና የግራ ካልሲዋ ተረከዙ ላይ የተቀደደው፣ አያቴ ፋዲሜ ናት። ከሥሩ «ከሀገራችን ባህላዊ ጭፈራዎች አንዱ» ይላል።

መጽሐፉ በታደለን ቀን ገጹን ስገልጥ «አያቴ!» ብዬ ጮኼ መምህሩ ከክፍል አስወጡኝ። የታሪኩ መነሻ ይህ ነው፦ የዛሬ ዐሥር ዓመት ገደማ አንድ ፎቶ አንሺ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጥማበት፣ ዝናብ አበስብሶት ሐሙስ ምሽት መንደራችን ደረሰ። ሾርባ ሰጡት፣ ካልሲውን ምድጃ ላይ አደረቁለት። ከዚያ ሲበረታ ጸሎታችንን ፎቶ ላንሳ አለ። የጸሎቱ መሪ፣ እኛ ደዴ የምንለው፣ ወንድ አያቴ ሙርተዛ ናቸው፤ እሳቸውም «ለመታየት አይደለም የምንዞረው» ብለው ከለከሉ። አያቴ ግን «እንግዳ ነው፣ ልጁም በርዶታል፣ አንድ ጊዜ ቢያነሳ ምን ይጎድልብናል?» ብላ አማለደችለት። ምን እንደሚጎድልብን፣ ክቡር ሆይ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በነጻ ታደለን።

በፎቶግራፉ ቀኝ ጠርዝ ላይ ሳዝ የምንለው ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ አንገትና ሁለት ጣቶች ይታያሉ። የወንድ አያቴ ናቸው። የሚዞሩት ሰዎች ሁሉ የሚዞሩት ወደ እሳቸው ፊታቸውን እየመለሱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እሳቸውን ቆርጠው ጣቶቻቸውን አስቀሩልን። አልተቀየምንም። ጭፈራ መካከል የጸሎት መሪ ቁጭ ብሎ ቢታይ ጽሑፉን ያሳፍረው ነበር። ብቻ አንድ ነገር ቢያስረዱኝ፦ እርስዎ በሄዱበት ሠርግ ሁሉ እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ፈገግታ የሚባል ሳያሳዩ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነው የሚጨፍሩት? እንዲያ ከሆነ እባክዎ እኛን አይጥሩን።

ሁለተኛ፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና። ጥያቄ ዐሥራ አራት ይህንኑ ፎቶግራፍ አቅርቦ «በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ምን እያደረጉ ነው?» ይላል። ሀ፣ አምልኮ እየፈጸሙ ነው። ለ፣ ባህላዊ ጭፈራ እየጨፈሩ ነው። ሐ፣ ስፖርት እየሠሩ ነው። መ፣ መልስ የለም። እኔ ሀን ከበብኩ፤ ሴትዮዋን በግል ስለማውቃት። መልሱ ለ ነው ተባለ። የሚያስቀው፣ ወይም የማያስቀው፣ ከተማ ወዳለው የሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመግባት የጎደለኝ ውጤት የዚህች የአንዲት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው። በሒሳብ ሙሉ፣ በፊዚክስ ሙሉ፤ አያቴ ላይ ወደቅኩ።

ነጃቲ ቤይ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ያለ ምንም ተረብ ነው የምጽፈው። ቢሯቸው ጠርተው «ልጄ፣ እንዳንቺ ያለ ጭንቅላት በዚህ ጭቃ ውስጥ አይቀርም፤ ሰኞ ድጋሚ እፈትንሻለሁ። ጥያቄው ያው ነው። በዚህ ጊዜ እንደ ሰው መልሺ» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ክፉ ሰው በር ሲዘጋብን እንገፋዋለን፤ ደግ ሰው እያዘነ ሲዘጋብን ግን ምን እናደርጋለን?

ሦስተኛ፣ ከዚህ ትምህርት ነጻ ልውጣ ብዬ ስለ መጠየቄ። ነጃቲ ቤይ ክርስቲያንና አይሁድን ብቻ ነጻ የሚያወጣውን መመሪያ ገልጠው «ክርስቲያን ነሽ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኩ። «አይሁድ ነሽ?» አይደለሁም። «እንግዲያውስ የእኛ ነሽ ማለት ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ቁጭ በይ።» የአጎቴ ልጅ ሳምንት በሳምንት ለሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ክርስቲያን እንድሆን መክሮኝ ነበር፤ ሐሳቡን ለወንድ አያቴ ባቀርብ ከዘራቸውን ፈለጉ።

«እሺ፣ አምልኮ መሆኑን ማኅተም ያለው የሃይማኖት መሪ ደብዳቤ አምጪ» ተባልኩ። የሃይማኖት መሪ ቤቴ አለ፤ በየማለዳው ጥርሱን የት እንዳስቀመጠ የሚጠይቀኝ እሱው ነው። ነገር ግን የጸሎት ቤታችን በመዝገብ ላይ «የባህልና የመረዳጃ ማኅበር» ስለሆነ የወንድ አያቴ ማኅተም ዙሪያውን «ባህል» ይላል። ለእርስዎ የሚመሰክር ማኅተም እኛው ቤት መሳቢያ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ወንድ አያቴም ማኅተሙን ወደ መሳቢያው እየመለሱ «ልጄ፣ ጭፈራ የሚለውን ክበቢና ወደ ሳይንስሽ ሂጂ። እኛ ስንት መቶ ዓመት ሙሉ የፈለጉትን ስንከብብላቸው ኖረናል፣ ምንም አልጎደለብንም» አሉኝ። «ስላልቆጠርነው ነው» አልኩ በሆዴ። ሆዴ ጮክ ብሎ ይናገራል መሰለኝ፣ ከዘራው እንደገና ተነሣ።

አራተኛ፣ ማኅተም ካጣሁ ማስረጃዋን ራሷን ይዤ ሄድኩ። አያቴን የዓመት በዓል ሻሿን አሳስሬ ነጃቲ ቤይ ቢሮ አስገባኋት። ነጃቲ ቤይ ብድግ ብለው እጇን ሳሙ፣ ሻይ አዘዙላት፣ መጽሐፉን ገልጠው «እማማ፣ እዚህ ላይ ምን እያደረጉ ነው?» አሏት። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። አያቴ ፎቶግራፉን አየች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ባንዲራ አየች፤ በሩን አየች። ከዚያ ለጀንደርማ ወታደር፣ ለሕዝብ ቆጣሪና ለክትባት ሠራተኛ የምታወጣትን ፈገግታ አወጣችና «ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ እየጨፈርኩ ነዋ! ያኔ ጉልበት ነበረኝ!» አለች። ነጃቲ ቤይ ከልባቸው ደስ አላቸው። «አየሽ ኢልካይ? የነገሩ ባለቤት ራሳቸው መሰከሩ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄድን። እዚያ ስንደርስ ዞር ብላ «አንቺን ነው ያዳንኩት» አለችኝ። ከምን? ብላት «እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ ብቻ አድኛለሁ» አለች።

አምስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ቢሆንም ደብዳቤው ላይ ቦታ ስለተረፈ ይታገሡኝ። ሐሙስ ምሽት ለጸሎት፣ ጀም ለምንለው፣ ስንሰበሰብ አንድ ደንብ አለ። ሳዙ ከመነካቱ በፊት ደዴው «ከጎረቤቱ ቅሬታ ያለው አለ? ከእኔስ ቅሬታ ያለው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቅሬታ ያለው ሰው ካለ ሳይታረቅ ጸሎቱ አይጀመርም። (በየትኛው ጭፈራ ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ሰው ካልታረቀ ዘፈን የማይከፈተው? ሠርግ ላይ ይህ ደንብ ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ በመንደራችን አንዲት ሙሽራ አትዳርም ነበር።) ጥያቄው በየሳምንቱ ይጠየቃል፤ ሕዝቡም በየሳምንቱ በአንድ ድምፅ «የለንም!» ይላል፤ በግ የተሰረቀበትም፣ በጉን የሰረቀውም።

በዚያ ሐሙስ «የለንም!» ካለው ድምፅ ኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ «እኔ አለኝ» አለች። የእኔ ነበረች።

ከኋላዬ ያሉት ጎረቤታችን «ሳይንስ ናት ያበላሸቻት» ሲሉ ሰማሁ። ወንድ አያቴ ሳዙን አስቀምጠው «በማን?» አሉ። «በአያቴ። ርእሰ መምህሩ ፊት ካደችኝ። በእርስዎም፣ ካጂ ብለው መክረውኛልና።» ከዚያ አያቴ ተነሣች። መካከሉ ላይ ቆመች። እንደ ደንባችን የቀኝ እግሯን አውራ ጣት በግራው ላይ ደርባ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ደፋች። የግራ ካልሲዋ ተረከዝ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ድል አደርጋለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ ያንን ስፌት ሳይ መሬት ብትውጠኝ መረጥኩ።

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አለች። «ክጃለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ፣ የውጭ ሰው ሲጠይቅሽ ሊሰማ የፈለገውን መልሺለት ብላኝ ነበር። እሷ ሞተች፤ እኔ እስከ ዛሬ እየመለስኩ ነው።»

ወንድ አያቴም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ እያቃሰቱ፣ አጠገቧ ጣታቸውን ደርበው ቆሙ። እንግዲህ ፈራጅ ጠፋ። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ቢደረግልሽ ትታረቂያለሽ?» አለኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ «በዋሸችበት ቦታ እውነቱን ትናገር» አልኩ። «ትናገራለች» አሉ። ይህኔ ነው እኚያ ሳይንስን የሚጠሉት ጎረቤታችን ቀስ ብለው «አንቺስ ሰኞ ምን ልትከብቢ ነው?» ያሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ የመጽሐፍዎ ምዕራፍ ሦስት ስለ እውነት መናገር እጅግ ግሩም አድርጎ ጽፏልና ከእርስዎ አልደብቅም፦ ለን ልከብብ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ወስኜው ነበር፤ ሻንጣዬን የት እንደማገኝ ሁሉ አስቤ ነበር። አያቴ ለእኔ ስትል መዋሸቷ አንገበገበኝ እንጂ እኔ ለራሴ ስል መዋሸቴ ትዝም አላለኝ። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል፤ ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። «ሀን» አልኩ። «አልሰማንም» አሉ ጎረቤታችን፤ ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ደህና ናቸው። «ሀን እከብባለሁ!» ሳዙ ተነሣ፤ አያቴም ዞረች። ፎቶ አንሺ የት እንዳለ ስለማይታወቅ፣ አለመኖሩን በሩ ላይ አረጋግጠን ነበር።

ስለዚህ ሁኔታው ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት ነጃቲ ቤይ ወረቀቱን ይሰጡኛል፣ እኔም ሀን እከብባለሁ፣ የሳይንስ ትምህርት ቤቱም በር ይዘጋል። አያቴ ደግሞ ከቢሯቸው ደጃፍ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ ለመናገር የመጣችውን ሳትናገር እንደማትነሣ ነግራኛለች፤ ምሳዋንም ቋጥራለች። ለን ብከብብ መንደሬ አልገባም፤ ሀን ብከብብ ከመንደሬ አልወጣም። ምዕራፍ ሦስት እውነቱን ተናገሪ ይለኛል፤ ገጽ ሰማንያ ሰባት ስለተናገርኩት ይቀጣኛል። ሁለቱንም የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ፣ በመካከላቸው አንዲት ልጅ የምታልፍበት ቀዳዳ ትተው ከሆነ ገጹን ቢጠቁሙኝ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለ፤ እኔም ቀጭን ነኝ።

ስለ ሰጡን አንድ ገጽ፣ ስለ ተረፉልን ሁለት ጣቶች፣ እንዲሁም አያቴን በሰባ አንድ ዓመቷ ለዝና ስላበቁልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ እጅ እየነሣሁ፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ከፊትዎ የምወጣው፣

በመመሪያው መሠረት የእርስዎ የሆንኩት፣
ኢልካይ ቦዝዳል
ያሊንሱ

ግልባጭ፦
ለነጃቲ ቤይ (እያዘኑ እንዲያነቡት)
ለአያቴ (ማንበብ ስለማትችል አነብላታለሁ፤ አንዳንዱን እዘልላለሁ)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አያቴ ፎቶግራፉን ከመጽሐፉ እንዳያወጡባት ትለምናለች፤ ስትጸልይ የተነሣችው ሌላ የላትም። ከእኔ መጽሐፍ ገጹን ቆርጣ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ግን፣ እርስዎ ባሏን እንደቆረጡት፣ በመቀስ ቆርጣ ጣለችው። እኔ አንሥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ዓርብ ቀትር ከጎረቤቶችዎ ጋር ጫማዎን አውልቀው፣ ተሰልፈው ሲሰግዱ የተነሡት ፎቶግራፍ ካለዎት፣ እባክዎ ይህን የተቆረጠ ጽሑፍ ከሥሩ ለጥፈው ይዩት።