ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር

አንተ ቀልበ ቢስ፣

የሆስፒታላችንን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠሩትን ጋሼን ሴት ልጃቸው ቤት አገኘኋቸው። ለአዲሱ ሆስፒታል ልንደግመው ነውና፣ ለበሽተኛ አልጋ ከመስጠቱ በፊት ለምን ሁለቴ እንደሚያጣራ ልጠይቃቸው ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው። ትኩር ብለው አዩትና፣ "ጎበዝ ነው፤ ማን ሠራው?" አሉኝ። እኔ ነኝ ብዬ ልቀልድ ስል የልጃቸውን ፊት አየሁና ላፕቶፑን ዘጋሁት።

እኛ ቢሮ ምክንያቱን ጻፉት ሲባል፣ "ጋሼ አሉ አይደል" እያልን ስንገለፍጥ ከረምን። አሁን ያንን ማጣሪያ ብናወጣው ማን እንደሚጎዳ የሚያውቅ የለም፤ ብንተወውም ለምን እንደተውነው አናውቅም።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትህን ሳምልኝ፤ አንተን ጢምህን ስትላጭ እስምሃለሁ። ጋሼም ሰላም ብለውሃል ብዬ ልዋሽህ ነበር። እጅህን ይዘው ያስተማሩህን አንተን ስጠራላቸው፣ "የማን ልጅ ነው?" አሉኝ።