የባለቤቴ ድምፅ ያለበት ካሴት

ዝማሬ፣

ጥር 14፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመዘምራን ልምምዳችሁን በሟቹ ባለቤቴ ድምፅ ላይ ቀዳሽበት።

ዳግም እንዳትነኪው ስጠብቅ አራት ወር ከዚህ ግቢ አልራቅሁም። ዛሬ ግን ሙት ዓመቱ ስለሆነ እሱ ወደተቀበረበት አገር፣ ዋጫ መሄዴ ግድ ነው።

ቴፑን በፎጣ ሸፍኜዋለሁ። መብራት ከሄደ ሶኬቱን ንቀይው። የካሴቱ በር አልከፈት ብሏል፤ በቢላ እንዳትታገዪው።

«እትዬ ዙፋን፣ ባዶ ካሴት መስሎኝ ነው» ስትዪኝ ጥፋቱ ያንቺ ነው ብለሽ እንድታምኚ ተውኩሽ።

እሱ እንዳይቀዳበት ብሎ በካሴቱ ጠርዝ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሯቸው ነበር። በጀርባው የራሴን ለቅሶ ልቀዳ ብዬ ቴፑ እንደገና እንዲቀዳ ጥርሶቹ የነበሩበትን ሁለቱንም ቀዳዳ በወረቀት የደፈንኩት እኔ ነኝ። አንቺ ቁልፉን ብቻ ነው የተጫንሽው።

በማግስቱ መዝሙራችሁን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከእሱ የተረፈው አንድ ሳል ነው።