ጫልቱ የተቀመጠችባት ፓራፋንጎ

ማክሰኞ
“ቂጧ የወለቀ ሞተር” ማለት ምን ማለት ነው? እኔን እኮ ነው! አምቦ ውስጥ እንደኔ ሞተር ያለው ማነው? አገር ላገር የምትዞር ትልቅ ሞተር ናት፣ ሲዞርባት የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሸጠልኝ። የኋላ ፓራፋንጎዋ ዝጎ ረግፏል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ጫልቱ ፎቶ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንደዛ ማለት አልነበረባትም።

የሠርግ ቪዲዮ የምታነሳው እሷ ናት። እሁድ ጎጆ ከተማ ሠርግ አለ። ሞተር ላይ ወደ ኋላ ዞራ ተቀምጣ የሙሽሮቹን መኪና ከፊት ከፊት እየሄደች ነው የምታነሳው። ያንተ ላይ አልወጣም፣ በታደሰ ባጃጅ እሄዳለሁ አለችኝ። በባጃጅ፣ የጎጆን ዳገት! ታደሰ እንደሚፈልጋት አውቃለሁ። እኔም እፈልጋታለሁ። ነግሬያት ግን አላውቅም።

ረቡዕ
ኦቦ ቶሎሳ ብየዳ ቤት ዋልኩ። አሮጌውን ነቅለን ጣልን። የበርሜል ላሜራ ቆርጠን በመዶሻ አጎበጥነው። ዝቅ ብሎ ጎማው ላይ ጥብቅ ይበል፣ እንደዛ ነው የሚያምረው አልኩ።

“ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የጎጆን ጭቃ ታውቀዋለህ?” አሉኝ።

ጭቃ የኔን ሞተር ምን ያረጋታል አልኳቸው። እንዳልኩት በየዱልኝ። ቀይ ቀባሁት። አስፋልቱን ተመላለስኩበት፣ ከተማው ፈዞ ቀረ። ጫልቱም አይታለች፣ ያላየች መስላ።

ሐሙስ
ልሞክራት ጎጆ ወጣሁ። ዘንቦ ነበር። ጭቃው ፓራፋንጎው ስር ገብቶ እንደ ሊጥ ታጨቀ፣ ጎማው አልዞር አለ። ወደቅኩ። ገብስ በአህያ የጫኑ ሰዎች ቆመው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ጭቃውን በእንጨት ስፍቅ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ጫልቱ ከኋላ ብትሆንስ ኖሮ?

ዓርብ
ኦቦ ቶሎሳ ጭቃዬን አይተው ፈገግ አሉ። ፓራፋንጎውን ከፍ አረግነው፣ አሁን ከጎማው በላይ ጡጫዬ ይገባል። ከላዩ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር በየድን፣ ከነመደገፊያው። ግራና ቀኝ ደሞ የእግር ማሳረፊያ፣ ከውሃ ቧንቧ። ወንበሩ የኔ ሐሳብ ነው፣ የማንም አይደለም! ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ወደ ኋላ ዞረው ተቀመጡ፣ ገበያውን አዞርኳቸው። “ጋሪዳ” አሉ። እሳቸው ጥሩ ነው ካሉ አለቀ።

ቅዳሜ
ጫልቱ መጣች። ዞራ ዞራ አየችው። ቧንቧውን በእግሯ ደበደበችው። ካሜራው ከወደቀ አንተን ሸጬ ነው የምገዛው አለች። ከዛ ተቀመጠች። ተቀመጠች እኮ!

እሁድ
ዳገቱ ጭቃ ብቻ። የታደሰ ባጃጅ ሠርገኛ እንደጫነ ተቀርቅሯል፣ እሱ በሙሉ ሱፍ እየገፋ ነው። በጎኑ ሽው! ጫልቱ እሱንም አነሳችው፣ ሳቋ በመደገፊያው አልፎ ጀርባዬ ድረስ ተሰማኝ። ጎማዬ አንዴም በጭቃ አልተያዘም። ፎቶ ቤት ተመልሰን ቪዲዮውን አየሁት፣ ንቅንቅ አይልም።

ስንለያይ “ፓራፋንጎህ ታምራለች” አለችኝ።

ባለቤቷስ አልኳት። ዝም ብላ ገባች።

ዝም ማለት ምንድነው? አሁን ሜሴጅ ላኩላት፦ “የሚመጣው እሁድ እጃጂ ከተማ ላለው ሠርግ ከኔ ጋር ነሽ። ከዛ በኋላም ሁሌ ከኔ ጋር። እሺ ወይስ እምቢ? አሁኑኑ መልሺ።”