እጅ በማስታጠብ ስለተገኘ ሹመት

ለክቡር መጋቢ ቺንያንታ፣
የሐይቁ ዳር አጥቢያዎች የበላይ ጠባቂ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ እንዲሁም በእኛ መንገድ ብዙ ለተንገላታው መኪናዎ ጤናን እመኛለሁ። እኛ የካሶምባ ምእመናን ባለፈው ቅዳሜ «የመልካም ክርስቲያን መሪ ጠባያት» በሚል ርእስ ከማለዳ አንስቶ ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከሰጡን ትምህርት ገና እያገገምን ብንሆንም፣ በጠቅላላው ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ አይደለም፤ ሹመቴን በሕዝብ ፊት ስላወጁልኝ ምስጋናዬም በሕዝብ ፊት ቢሆን ይገባል ብዬ ነው።

ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ እንዲገባው ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ክቡርነትዎ ከትምህርቱ በኋላ የቀረበውን ምሳ በልተው ሲያበቁ፣ አጥቢያችንን ለብዙ ዓመታት የመሩትን ባ ንጎሳን («ባ» በእኛ አፍ የአክብሮት መጠሪያ ናት) አንስተው ወደ ሐይቁ ደሴት እንደሚልኳቸው፣ በምትካቸውም እኔን፣ የመዘምራኑን ሰብሳቢ ሙኩካን፣ በመጪው እሁድ እንደሚሾሙ ተናገሩ። ለዚህ ታላቅ እምነት አመሰግናለሁ። ሆኖም ከምስጋናዬ ጋር የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ የእጅ ማስታጠቡ ጉዳይ ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳን እጅ የሚያስታጥበው ታናሹ እንደሆነ ያውቃሉ፤ በዚያ ቀን ተራው የእኔ አልነበረም። ማንቆርቆሪያውን ከአብሳዮቹ እጅ የነጠቅኩት ክቡርነትዎ ወደ እኛ ሲመለከቱ ስላየሁ ነው። ሁለቱንም ጉልበቴን መሬት አስነክቼ ውሃውን ቀስ አድርጌ ሳንቆረቁርልዎ «ይኼ ነው መሪ! ትሕትናውን ተመልከቱ!» አሉ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ የደፋሁት ግን ፈገግታዬ እንዳይታይ ነው። በዚህ መሐል ባለቤቴ፣ የካሶንዴ እናት፣ ከኋላዬ ሆና «የካሶንዴ አባት! ማንቆርቆሪያ በየት በኩል እንደሚያዝ ማን አሳየህ? እኛ ቤት እኮ ሳፋው እግርህ ሥር ካልመጣ እጅህ አይታጠብም!» አለች። ሴቶቹ ሁሉ የሳቁት በዚህ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን በዚያው አፍታ በተናገሩት ቀልድ የሳቁ መስሎዎት ቀልዱን ደገሙልን። ስለ ደገሙልንም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ የባ ንጎሳ ጥፋት ነው። እሳቸው ትምህርቱን አቋርጠው መውጣታቸውን ክቡርነትዎ እንደ ንቀት ቆጥረውታል። ዓሣ አጥማጁ ቾላ በሩ ላይ ሲደርስ ክቡርነትዎ «መሪ ከራሱ ይልቅ ሌላውን ያስቀድማል» የሚለው ነጥብ ላይ ነበሩ። ቾላም «ይቅርታ አባቶቼ፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፣ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ወደ ክሊኒኩ ለመሻገር አብሮኝ የሚቀዝፍ ሰው…» ብሎ ሳይጨርስ፣ እጅዎን አንስተው «ቆይ ወንድሜ፣ ነጥቡን እንጨርስ» አሉት። እኔ በበኩሌ «ሌላውን ያስቀድማል» የምትለዋን በደብተሬ ላይ አሳምሬ እየጻፍኩ ስለነበር ቀና አላልኩም። ባ ንጎሳ ግን ወንበራቸውን ጓ አድርገው ተነሡና «ለእኔ ነጥቡ ገብቶኛል» ብለው ወጡ። በኋላም ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ተመለሱ፤ ከአብሳዮቹ ጋር ቆመው ከድስቱ የተረፈውን ንሺማ፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በዓሣ መረቅ ሲበሉ ክቡርነትዎ አይተው «ይኼ ሰው የመሪ ግርማ ሞገስ የለውም» አሉ። የቾላ ሚስትና የወለደቻት ሴት ልጅ ደህና ናቸው፤ ክቡርነትዎ ስላልጠየቁ ነው የምነግርዎ።

ባ ንጎሳ መልአክ ናቸው እያልኩ አይደለም። ስብከታቸው ገና ተቀምጠን ሳንደላደል ያልቃል፣ ሲዘምሩ መዘምራኖቼን ሁሉ ከዜማ ያስወጣሉ፣ ቁጣቸውም ቅርብ ነው። እኔን ራሴን አንድ ቀን በሰው ፊት «ሙኩካ፣ እግዚአብሔር እኮ ደንቆሮ አይደለም፤ ቀስ ብለህ ጸልይ» ብለውኛል፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አኩርፌያቸዋለሁ። ነገር ግን በዚህ መንደር ሰው ሲታመም የሚንኳኳው በር የእሳቸው ነው። የእኔ በር የሚንኳኳው ለሠርግ ኮቴን ለመዋስ ነው።

ሦስተኛ፣ ሹመቱ ከተነገረኝ ወዲህ የታየብኝ የጠባይ ለውጥ ነው። እንደ ክቡርነትዎ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በዝግታ መራመድ ጀምሬያለሁ። ድምፄንም አወፍራለሁ። ማክሰኞ ዕለት የካሶንዴ እናት «የተከበሩ መሪ ሆይ፣ ፍየሏ ካሳቫውን እየጨረሰችው ነው!» ብላ ስትጮህ፣ መሮጥ ለማዕረጌ አይመጥንም ብዬ በግርማ ሞገስ ተራመድኩ። ፍየሏ ጨረሰችው። ገና ሳልሾም ቤተሰቤን ያለ ካሳቫ ያስቀረሁ ሰው፣ ብሾም አጥቢያውን የት እንደማደርሰው እርስዎ ያስቡት።

ትናንት የቾላን ሕፃን ለማየት ሄጄ ነበር። ሕፃኗን አስታቀፈኝና «ጋሼ፣ ባ ንጎሳ ከሄዱ በሚቀጥለው ጊዜ ማንን ልጥራ?» አለኝ። የሚሾመው እኔ መሆኔን ያውቃል፤ ሊነካኝ ብሎ ሳይሆን ከልቡ ጨንቆት ነው የጠየቀኝ። «እኔን ጥራኝ» ልለው ፈለግሁና ከአፌ አልወጣ አለ። አፈርኩ። ይህችን ብቻ ያለ ቀልድ ነው የምጽፍልዎ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሹመቱን በታላቅ አክብሮት እየመለስኩ፣ ባ ንጎሳ በቦታቸው እንዲቆዩልን እለምናለሁ። ይህን አስቀድሜ ለራሳቸው ብነግራቸው «ሞኝ ነህ ሙኩካ! የመሪው ቤት ጣራ ያፈሳል፤ አንተ ስትበሰብስበት ለማየት ቸኩዬ ነበር» አሉኝ፤ ከዚያ ግን ፊታቸውን አዙረው ለረጅም ጊዜ መረባቸውን ሲጠግኑ ቆዩ። ደሴቱ የግድ መሪ ያሻዋል ከተባለም፣ ስለ መሪ ጠባይ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው እንደሌለ ሁላችንም እንመሰክራለን።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለትምህርትዎ አጭር ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሳይሾም የተሻረው ታናሽ ወንድምዎ፣
ሙኩካ፣ የመዘምራን ሰብሳቢ፣ ካሶምባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሹመቱን እንደማልቀበል ዛሬ ከጠዋት ጸሎት በኋላ ለምእመናን አስታወቅኩ። አስታውቄም ጉባኤውን በዓይኔ ቃኘሁ፤ «ኧረ ተው፣ አንተ ትሻለናለህ» የሚል ቢያንስ ከመዘምራኑ አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር። ቤቱ ግን በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ፤ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። እንዲህ ያለ አሜን በዚህ አጥቢያ ሰምቼ አላውቅም። ክቡርነትዎም እሁድ ሲመጡ ስለ ራስዎ ሹመት ተመሳሳይ ማስታወቂያ ካለዎት፣ ምእመናኑ ድምፃቸው እንዳልደከመ እንድነግርዎ ልከውኛል።