መውጫና መመለሻ፦ የአምፕሊፋየር ጠጋኙ የጋሽ ቀስታ የሕይወት ታሪክ

ዘመድ፣ ጎረቤትና ደንበኛ ሁሉ «ጋሽ ቀስታ» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን፣ ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1942 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ሲያወሩ እንደሰማነው ለመወለድም አልቸኮሉም፤ አዋላጇ ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በአንደኛው ክፍል የሰዓቶች ድምፅ፣ በሌላኛው የስፌት መኪና ድምፅ እየሰሙ ስላደጉ፣ አፋቸውን ሳይፈቱ ማዳመጥን ለመዱ።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። አስተማሪያቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ «ሐሳቡ መስኮት ላይ ነው» ብለው ጽፈውባቸዋል፤ እርሳቸው ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ከራዲዮ ሠሪው ሱቅ የሚመጣውን ዜማ ይሰሙ ነበር። በ1958 ዓ.ም. እዚያው ሱቅ ተቀጠሩ። ራዲዮ ሠሪውም ሙያውን ሁሉ አስተማሯቸው፤ ቫልቭ የሚባሉትን፣ ሲግሉ እንደ ፍም የሚቀሉትን የመስታወት አምፖሎች በጣት እየነኩ ሳይሆን በጆሮ እየሰሙ መለየትን ጭምር።

ከመምህራቸው ሦስት ሕግ ወርሰዋል። መብራት ያለበትን ዕቃ ሲነኩ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ኤሌክትሪኩ በደረት በኩል መሻገሪያ እንዳያገኝ። ለምን እንደታሰረ የማታውቀውን ብሎን አትፍታ። በሰው ሥራ ላይ ቀዳዳ አትብሳ። በመጀመሪያው ሕግ ምክንያት የካፖርታቸው ግራ ኪስ በየዓመቱ ያልቅ ነበር። በሌሎቹ ሁለት ሕጎች የመጣውን ደግሞ ኋላ ላይ እናነሳዋለን።

በ1969 ዓ.ም. ዛሬ በመካከላችን ካሉት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። መምህራቸው በሠርጉ ዕለት በገዛ እጃቸው የሠሩትን የጊታር አምፕሊፋየር ሰጧቸው። ሙሽራው ጊታር አይችሉም፤ ሙሽሪትም አይችሉም። «አንድ ቀን የሚችል ይወለዳል» አሉ መምህሩ። በዓመቱ መምህሩ አረፉና አምፕሊፋየሩ የመጨረሻ ሥራቸው ሆነ። በ1974 ዓ.ም. የምትችለው ተወለደች።

አጎታችን በ1968 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው በሙያቸው አርባ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ከምሳ በኋላ ራሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አድርገው ይተኛሉ፤ ደንበኛውም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የዕቃው ብልሽት በሕልማቸው ይታያቸዋል ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አናውቅም፤ ሲነቁ ግን እጃቸው በቀጥታ ወደተበላሸው ቦታ ሲሄድ አይተናል። የቸኮለ ደንበኛ ሲቆጣ ባለቤታቸው «ዝም በል፣ ሥራ ላይ ናቸው» ይሉታል።

ልጃቸው ጊታር ያነሳችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን፣ ያም አምፕሊፋየር የእርሷ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. የገደል ማሚቶ የምታሰማ ትንሽ ሳጥን ገዝታ መጣች። ሳጥኗ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ስትሰካ ግን ማሚቶው ከአምፕሊፋየሩ ሻካራ ድምፅ ጋር እየተለወሰ ጭቃ ይሆናል። መድኃኒቱን አባትም ልጅም ያውቁታል። የአምፕሊፋየሩ የፊተኛው ክፍል ለድምፁ ቀለም ይሰጠዋል፣ የኋለኛው ያገዝፈዋል። በሁለቱ መካከል አንድ መውጫና አንድ መመለሻ ቢበጅ፣ ቀለም ያገኘው ድምፅ ወደ ሳጥኗ ወጣ ብሎ ማሚቶውን ይዞ ይመለስና ከዚያ በኋላ ይገዝፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የጀርባው ብረት ላይ ሁለት ቀዳዳ ነው።

«አባዬ፣ ሁለት ቀዳዳ ብቻ እኮ ነው» አለች።

«የሞተ ሰው ሥራ ላይ ትራፓኖ አላነሳም። የት ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው?»

«እኔስ? እኔ በሕይወት አለሁ እኮ።»

አጎታችን ጨርቁን አምፕሊፋየሩ ላይ መልሰው ጣሉበት። በማግሥቱ ጊታሯን ይዛ ወጣች። ሆድና ጀርባ ሆኑ ማለት አይደለም፤ በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ትስማቸዋለች፣ ጫማቸውን ትጠርጋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ክር አልነካችም፤ የአባቷ ልጅ ናትና። አጎታችን ቅዳሜ ቅዳሜ የአምፕሊፋየሩን ጨርቅ ገልጠው ያበሩትና፣ ምንም ሳይሰካበት፣ የሚያሰማውን ቀጭን ጉርምርምታ አጠገቡ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። አንድ ጊዜ በዚህ ቤት ስትጫወት ልስማትና ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ ሲሉ ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል። ለልጅቷ ግን አልነገሯትም።

በ2014 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሱቃቸውን ዘጉ። በ2015 ዓ.ም. ልባቸው መድከሙን ሐኪሙ አረጋገጠ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝተው ሳለ ሕልም አዩ። የጊታር ድምፅ ቤቱን እየዞረ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል፤ በር ይፈልጋል፤ የሚከፍትለት የለም። ነቅተው ወዲያው ስልክ አነሱ። «ትራፓኖ ይዘሽ ነይ» አሏት። ልጅቷ ይዛ መጣች።

መጀመሪያ ከመብራት ነቅለው፣ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረውን ኃይል አስወጡ። ለቀዳዳው የሚመቸው ቦታ መምህሩ ስማቸው የተቀረጸበትን መዳብ ያሰሩበት የጀርባው ጥግ ነበር። በውስጥ በኩልም አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ በአራት ብሎን ታስራበታለች። አጎታችን ያን አምፕሊፋየር በዕድሜያቸው ብዙ ጊዜ ከፍተው ዕቃ ቀይረውለታል። ቆርቆሮዋን ግን ጉርምርምታ መከላከያ ትሆናለች ብለው፣ በሕጋቸው መሠረት፣ ነክተዋት አያውቁም።

ልጅቷ ብሎኖቹን ፈታች፤ መዳቡም ቆርቆሮዋም ተነሱ። ከበታቻቸው ሁለት ክብ ቀዳዳ ነበረ፤ ጠርዙ በሞረድ የለሰለሰ፣ መሰኪያ በልኩ የሚገባበት። በቆርቆሮዋ ጀርባ በእርሳስ «ለወደፊት» የሚል ተጽፏል።

አጎታችን ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አሥራ አራት ዓመት ልጄን ያስከፋሁት ለተበሳ ቀዳዳ ነው?» አሉ። ልጅቷ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ እርሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ብቅ ብለው ሲያዩ ማን እንደሞተ ጠየቁ።

ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። መበየጃውን የያዘችው እርሷ ነበረች፤ እርሳቸው ደግሞ በጣታቸው ሳይሆን በቃላቸው ይመሯት ነበር። ወደ ሳጥኗ የሚወጣው ድምፅ እንዳያፍናት የሚቀንሰውን ማስተካከያ፣ ሲመለስ መልሶ የሚያነሳውን ቫልቭ፣ ምንም ሳይሰካ ሲቀር ድምፁ በራሱ መንገድ እንዲያልፍ የሚያደርገውን መሰኪያ አንድ በአንድ አስበየዷት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያሉ ሦስት ጊዜ አስፈቷት። አልተናደደችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ጨርቁን ገልጠው አበሩት። ልጅቷ አንድ ክር ነካች። ድምፁ ወጣ፤ ማሚቶው ንጹሕ ሆኖ፣ እንደ ተለመደ እንግዳ ተራ በተራ ተመለሰ። ከዚያ በልጅነቷ ራሷ የፈጠረችውን ዜማ ጀመረችላቸው። አጎታችን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንዳደረጉ፣ ዜማው ግማሽ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዳልቀሰቅሰው ብላ አቆመች። ነገ እጨርስለታለሁ አለች።

በማግሥቱ ንጋት ልባቸው ደከመና ሆስፒታል ገቡ። በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ከአርባ ስድስት ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የጻፍኩትን እኔን የወለደች እህታቸውን ትተው ሄደዋል። እኛ በጣም እንወዳቸው ነበር። ነፍሳቸውን ድካም የሌለበት ቦታ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጽናቱን ይስጠን።

አሁን ባለቤታቸው አምፕሊፋየሩን ያበሩታል። ቫልቮቹ እስኪሞቁ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ያችን ደቂቃ ሁላችንም ቆመን፣ በዝምታ እናስባቸው። ከዚያ ልጃቸው የቀረውን ግማሽ ትጫወትላቸዋለች።