«እኔም ፈርቻለሁ፤ እጄን ያዢኝ»

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ቅባቱ ረዳሽ ወይስ ዛሬም ደረጃውን እየተራገምሽ ነው የምትወጪው? አባባንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እጄ ላይ የነበረችው ቃጠሎም ድናለች።

እህቴ የሽልማቴን ፎቶ ካሳየችሽ ወዲህ እህል አልዋጥልሽ እንዳለ ሰማሁ። እኔ እልል ትያለሽ ስል፣ አንቺ «የሰው ልጅ ከእሳት ሲያወጣ የኔን ልጅ ማን ያወጣዋል? ሥራውን ይተው በሉት» አልሽ አሉ። ከቃልሽ ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ መልሴን ከመስጠቴ በፊት ነገሩን ከራሴ ስሚው፤ እህቴ እንደሆነች ወሬ ማጣፈጥ ታውቅበታለች።

እሳት የተነሳበት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናትየው ወተት ልትገዛ ወረድ ብላ ስትመለስ ደረጃው በጭስ ታፍኗል፤ ልጇ ውስጥ ናት። በእኛ ሥራ ብቻውን የሚገባ የለም። እኔ ከፊት፣ ከውፍረቱ የተነሳ «በርሜል» የምንለው ባልደረባዬ ከኋላ ቀበቶዬን ይዞ፣ ግድግዳ እየዳበስን በእንብርክክ ገባን። ልጅ እሳት ሲያይ አይሮጥም፤ ይደበቃል። አልጋ ሥር አገኘኋት። ግን ጭንብሌን አይታ፣ የትንፋሼንም ድምፅ ሰምታ፣ ከእሳቱ ይልቅ እኔን ፈራችና ወደ ጥጉ ሸሸች። አልጋው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይነሳም፤ እጄም አልደርስ አለ።

ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። መርፌ ፈርቼ አልጋ ሥር ስገባ ጎትተሽ አታወጪኝም ነበር። መሬት ላይ ተጋድመሽ «እኔም ፈርቻለሁ፤ እጄን ያዘኝ» ትዪኝና፣ አዝኜልሽ እጄን ስሰጥሽ ላፍ ታደርጊኝ ነበር። እኔም ተጋደምኩና እንደዚያው አልኳት። አንቺ ለማታለል ነበር፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር። ትንሽ ቆይታ እጇን ዘረጋችልኝ።

ስንወጣ የበሩ ጣውላ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ይህን እህቴ አልነገረችሽም። በርሜል በቀበቶዬ ጎትቶ እኔንም ልጅቷንም አወጣን። እንግዲህ ያንቺን ልጅ የሚያወጣው እሱ ነው። በሽልማቱ ቀን አለቃችን ስለ ጀግንነት ብዙ ተናገሩ፤ እኔ ግን የለበስኩት የበርሜልን ኮት ስለነበር ውስጡ ጠፍቼ ሰው እንዳይስቅብኝ ነበር ጭንቀቴ።

እማዬ፣ ሥራውን አልተውም። ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። አትፍሪ አልልሽም፣ እኔም እፈራለሁ። ብቻ መርቂኝ፤ ያለ ምርቃትሽ እግሬ አይገባልኝም።

ለአባባ እጅ ነሥቷል በይልኝ። አክስቴን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እህቴን ሳሚያትና ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርጊልኝ። በርሜል እናቱ በሕይወት ስለሌሉ ምርቃቱ ላይ እሱንም እንድትጨምሪው ለምኗል።

አንድ የማታውቂያት ሴትም ሰላምታ ልካልሻለች። የልጅቷ እናት ትናንት ጣቢያችን መጥታ ልጇን ምን ብዬ እንዳወጣኋት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አልቅሳ ስታበቃ «ልጄን ያወጣቻትስ እናትህ ናት፤ እግሯን ሳምልኝ» አለችኝ። ይኸው ስሜሻለሁ።

ልጅሽ
ከእሳት አደጋ ጣቢያው መኝታ ክፍል
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ